ልጄን ወደ አዲስ አበባ ልመልሰው ወይ?

ጥያቄ፦ «ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ከመጣን ዓመት ሊሞላን ነው። ባለቤቴ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው፤ ሥራው በቋሚነት ወደዚህ ስለተዛወረ ከእናቱ ጋር በአንድ ግቢ እንኖራለን። የአሥራ አንድ ዓመት ወንድ ልጅ አለን፤ አምስተኛ ክፍል ነው። አዲስ አበባ ሳለ በአማርኛ ይማር ነበር። እዚህ ለቤታችን የሚቀርበው ትምህርት ቤት በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምር ስለሆነ እዚያ አስገባነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር አማካይ ውጤቱ ከ89 ወደ 71 ወረደ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ወርውሮ ወይ አያቱ ቡና የሚያፈሉበት በረንዳ ላይ ነው፣ ወይ በርጩማ የሚጠርቡ ጎረቤታችን ዘንድ የእንጨት ፍቅፋቂ መሐል ተቀምጦ አገኘዋለሁ። በቡና ለቀማ ጊዜ ደግሞ አያቱ አጋሮ አጠገብ ወዳለው መሬታቸው ይዘውት ሄደው ሦስት ቀን ከትምህርት ቀረ። አካባቢው ልጄን እየበላብኝ ነው። አዲስ አበባ ወዳለችው እኅቴ ልላከው ወይ? አማቴንስ ሳላስቀይም እንዴት ላድርግ?»
ግራ የገባት እናት፣ ከጅማ

መልስ፦

ውድ እናት፣ ከደብዳቤዎ ጋር የውጤት ካርዱንና የአካባቢ ሳይንስ ደብተሩን ስድስት ገጾች ፎቶ አንሥተው መላክዎ ትልቅ ውለታ ነው። ደብዳቤውን ብቻ አንብቤ ቢሆን ኖሮ ስለ ጥናት ሰዓትና ስለ ጨዋታ ልክ የተለመደውን ምክር ሰጥቼ አልፍ ነበር፤ ምክሩም ስሕተት ይሆን ነበር።

በካርዱ ልጀምር። አማርኛ 92፣ እንግሊዝኛ 88፣ ሒሳብ 79፣ አካባቢ ሳይንስ 54፣ አፋን ኦሮሞ 42። ሰፈር ያዘናጋው ልጅ ውጤቱ እንዲህ ተመርጦ አይወርድም፤ የተዘናጋ ልጅ በሁሉም ይዘናጋል። የእርስዎ ልጅ ግን ቋንቋውን በሚያውቀው ትምህርት እንደ ቀድሞው ጎበዝ ነው። በሒሳብም፣ ቁጥር በየትኛውም ቋንቋ ቁጥር ስለሆነ፣ ጥቂት ተንገዳግዶ ቆሟል። የወደቀው በአዲሱ ቋንቋ አንብቦ በአዲሱ ቋንቋ ጽፎ መመለስ ግድ በሚሆንባቸው በሁለቱ ብቻ ነው። 71 የሚለው አማካይ ይህን ሁሉ ደብቆብዎታል።

ከደብተሩ ገጾች አንዱን ደጋግሜ አየሁት። መምህሩ አንድ ተክል ሥለው አምስት ክፍሎቹን እንዲሰይሙ አዝዘዋል። ልጅዎ የሣለው ከነሥሩ የቡና ዛፍ ነው። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ተያይተዋል፤ ፍሬዎቹም ቅጠሉ ከቅርንጫፉ በሚገናኝበት ብብት ውስጥ ተጠጋግተው ተኮልኩለዋል። ቡናን በስኒ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ይህን አይሥልም። ስያሜው ላይ ሲደርስ ግን ቅጠሉን «ቅጠል»፣ ግንዱን «ግንድ»፣ ፍሬውን «ፍሬ» ብሎ የአማርኛውን ቃል በላቲን ፊደል ጽፎታል፤ ሦስቱም በቀይ ተሠርዘዋል፣ ምክንያቱም የሚፈለገው ባላ፣ ጅርማና ፍሪ ነበር። ያገኛቸው ሁለቱ ደግሞ ደራራ፣ ማለትም አበባ፣ እና ሂዳ፣ ማለትም ሥር ናቸው። ከአምስት ሁለት። እነዚህን ሁለት ቃላት ከየት እንዳመጣቸው ልጁን ቢጠይቁት ደስ ይለኛል። እኔ እንደምገምተው ከአያቱ ነው።

የአፋን ኦሮሞ ቃለ ጽሕፈቱን በተመለከተም እንዲሁ ነው። ልጅዎ የላቲን ፊደልን ያወቀው በእንግሊዝኛ በኩል ስለሆነ ፊደሎቹን ሲያያቸው የሚያውቃቸው ይመስለዋል፤ አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ ግን «ኤክስ» ብሎ የለመደው ፊደል «ጠ» ነው፣ «ሲ» ያለው ደግሞ «ጨ»። ከዚህም የሚከብደው የመጥበቅና የመላላቱ ነገር ነው። በእኛ ፊደል «አለ» ብለን ስንጽፍ «ተናገረ» ማለታችን ይሁን «ይገኛል» ማለታችን አንባቢው ከዐውዱ ይለየዋል፤ መጥበቁን በጽሑፍ አናሳይም። ቁቤ ግን የጠበቀውን ተነባቢ ደግሞ ይጽፋል፣ የረዘመውንም አናባቢ እንዲሁ። «ለፈ» መሬት ሲሆን አናባቢው ሲረዝም «ላፋ» ለስላሳ ማለት ይሆናል። ልጁ የተሳሳተባቸውን ቃላት አንድ በአንድ ስቆጥር አብዛኞቹ የመደገም ስሕተቶች ናቸው። ጆሮው ገና ያልለየውን እጁ እንዲጽፍ ነው የተጠየቀው።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪ ያመጡት ልዩነት ይጠቅመናል። ካናዳዊው ጂም ከሚንስ እንዳሳዩት፣ ወደ አዲስ ቋንቋ የገባ ልጅ የጨዋታና የሰላምታ ቋንቋውን በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ይይዛል፤ የመማሪያ መጽሐፉን ቋንቋ እንደ እኩዮቹ ለመያዝ ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ሊወስድበት ይችላል። ልጅዎ ገና ዓመት አልሞላውም። የቸኮለው ልጁ ሳይሆን ካርዱ ነው።

ትንሽ ወደ ራሴ ልመለስ። እኔ በዚህ ከተማ በተማርሁበት ዘመን አንደኛ ደረጃ የሚሰጠው በአማርኛ ብቻ ነበር፤ በብሔረሰብ ቋንቋዎች መማር በፖሊሲ የጸናው በ1986 ዓ.ም. በትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ከክፍላችን ኋለኛው ወንበር ላይ ከገጠር እየተመላለሱ የሚማሩ ልጆች ነበሩ። ከብት ሲቆጥሩ የማይሳሳቱ፣ ዛፉን ሁሉ በስሙ የሚያውቁ ልጆች በክፍል ውስጥ ድምፃቸው አይሰማም። አንድ መምህራችን «እንቅልፋሞች» ይሏቸው ነበር፤ እኔም ከፊት ተቀምጬ እስቅ ነበር። የእኔ ጉብዝና ከቤት ይዤው የመጣሁት ቋንቋ እንደነበረ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። አሁን በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው የእርስዎ ልጅ ነው፤ እንቅልፋም ያልነበሩትን ልጆች ሳስታውስ ስለ እርሱ አልሰጋም።

እንግዲህ ወደሚፈሩት በረንዳ እንምጣ። አያቱ ቡና ሲቆሉ ልጁ ደጅ ለደጅ እየሄደ «ኮታ፣ ቡና ዹጋ»፣ ማለትም ኑ ቡና ጠጡ፣ ብሎ ጎረቤት እንደሚጠራ ጽፈዋል፤ እርስዎ «ተላላኪ አደረጉት» ብለው ነው የጻፉት። እኔ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ አሥር ቤት አንኳኩቶ፣ ለሽማግሌው አንድ ዓይነት፣ ለእኩያው ሌላ ዓይነት ሰላምታ ሰጥቶ፣ መልሱን ሰምቶ ለአያቱ የሚያደርስ ልጅ ነው የታየኝ። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዕድሩ፣ ስለ ታመመችው ላም ሲወራ ይሰማል። ይህን ያህል የአፋን ኦሮሞ ሰዓት በገንዘብ የሚሸጥልዎ አስጠኚ አያገኙም። ልጁን ከዚህ በረንዳ አንሥተው ክፍሉ ውስጥ በር ቢዘጉበት፣ ከወደቀባቸው ሁለት ትምህርቶች የሚያወጣውን ዋና መንገድ ነው የሚዘጉት።

ይህን ስል በረንዳው ብቻውን ይበቃል ማለቴ አይደለም፤ ቢበቃ ኖሮ ውጤቱ እስካሁን በተነሣ ነበር። የበረንዳው ቋንቋ ከመጽሐፉ ቋንቋ ጋር በራሱ አይገናኝም፤ የሚያገናኘው ሰው ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመ ጥናት ሦስት ተመራማሪዎች በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ መንገድ ላይ ኮኮናትና መሰል ነገር የሚሸጡ አምስት ልጆችን አጥንተው ነበር። ልጆቹ በሽያጭ መሐል የዋጋ ስሌት ሲጠየቁ 98 በመቶውን በትክክል መለሱ፤ ያንኑ ስሌት በወረቀት ላይ በባዶ ቁጥር ሲሰጣቸው ግን ትክክል የሆነው 37 በመቶው ብቻ ነበር። ያው ልጅ፣ ያው ስሌት ነው፤ የተለወጠው የቀረበበት መልክ ነው። የእርስዎም ልጅ የቡና ዛፍን ያውቃል፤ ፈተናው ላይ የቀረበለትን መልክ ነው ያላወቀው።

«አካባቢው» የሚሉትን ነገርም ቀረብ ብለን እንየው፤ በአንድ ቃል ሲጠሩት አንድ ክፉ ሰው ይመስላልና። ጅማ 1780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ያ ዝናብ ጫካውን አበቀለ፤ ከዋንዛውና ከሰሳው ጥላ ሥር ቡናው በቀለ፤ ቡናው ደግሞ የሰዉን ዓመት ከፋፈለው። በበጋው ማብቂያ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ያብባል፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀልቶ ይለቀማል። ለቀማው የብዙ እጅ ሥራ በመሆኑ ደቦን ይጠራል፤ ደቦው ሲኖር ዕድሩ፣ የቡና ጥሪው፣ የልጅ ላኪና ተላላኪው አብሮ ይኖራል። አማትዎ ልጁን ይዘውት የሄዱት ትምህርትን ስለናቁ አይመስለኝም። በእርሳቸው ዕድሜ ልጅ በለቀማ ጊዜ ከቤተሰቡ ተለይቶ ሲቀር ነበር ሰው ቅር የሚለው።

ቋንቋውም ቢሆን በዚህ ከተማ ሁልጊዜ ሲቀላቀል የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ላይ ሳለ፣ ከሥሩ የነበረው የሒርማታ ገበያ ሐሙስ ሐሙስ ከጎንደርም ከጎጃምም ከከፋም የመጣ ነጋዴ የሚገናኝበት ነበር። ለነጋዴው ቋንቋ መማር የግድ ነበር፤ የተማረውም ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሚዛኑ አጠገብ ነው። ሃይማኖት ሊማሩ ከሩቅ አገር የሚመጡ ደረሶችም ሉሃቸውን፣ ማለትም የእንጨት ሰሌዳቸውን፣ ይዘው እዚህ ይቀመጡ ነበር። ስለዚህ ልጅዎ ግማሽ አማርኛ ግማሽ አፋን ኦሮሞ በሆነ ዓረፍተ ነገር ሲያናግርዎ እንደ ብልሽት አይቁጠሩት። በአማርኛ 92 ያመጣ ልጅ አማርኛው አልጠፋበትም።

እዚሁ አጠገባችን ያሉት ተቋማት ራሳቸው ከዚህ አካባቢ ነው የተማሩት። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ታይቶ ማሳውን ሲያጠፋ፣ መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል መድኃኒቱን የፈለገው እዚሁ ደቡብ ምዕራብ፣ በሽታው ካልጣላቸው ዛፎች መካከል ነው። በኢሉባቦር ከመቱ አካባቢ ተመርጠው 74110 እና 74112 የተባሉትን ዝርያዎች ዛሬ ገበሬው በቁጥራቸው ይጠራቸዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የተመረጡበትን 1974ን የሚያመለክቱ ናቸው። አማትዎ ማሳ ላይ አንዱ ሳይኖር አይቀርም፤ ልጁ ይጠይቃቸው። የጅማ ዩኒቨርሲቲም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው ከተመሠረተ ጀምሮ፣ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ቀበሌ እየላከ የሕዝቡን ችግር ከሕዝቡ ጋር እንዲያጠኑ ያደርጋል። ለሐኪም ተማሪ ደግ የሆነ ዘዴ ለአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሚነውርበት ምክንያት አይታየኝም።

ጎረቤትዎን በርጩማ ጠራቢውን አላውቃቸውም፤ ሥራውን ግን አውቀዋለሁ። ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው፤ ማያያዣም ምስማርም የለውም። አንድ ጥያቄ ይዘውለት ይሂዱ፦ ለምን አራት እግር አላደረጉትም? ልጁ ራሱ ወለሉ ወጣ ገባ የሆነበት ቦታ አራት እግር ያለውን ወንበርና በርጩማውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ይሞክር። ባለ አራቱ ይንገጫገጫል፤ ባለ ሦስቱ የትም ቢያስቀምጡት ጸንቶ ይቆማል፣ ምክንያቱም ሦስት ነጥቦች ሁልጊዜ በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ይውላሉ። ይህን በዕድሜው ከፍ ሲል በጂኦሜትሪ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ ግን በመቀመጫው የሚያውቀው ነገር ይሆናል።

አሁን ከአማትዎ ጋር ወደማልስማማበት። ሦስት ቀን ከትምህርት መቅረቱ ትክክል አልነበረም፤ በዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ለመጽሐፉ ቋንቋ ባይተዋር የሆነ ልጅ ሦስት ቀን ሲያመልጠው ከሌሎቹ ይልቅ ይጎዳል፤ እነርሱ ከጓደኛ ደብተር ገልብጠው ይደርሱበታል፣ እርሱ ግን የገለበጠው አይገባውም። ለቀማው ቅዳሜና እሑድ ይሁን። ሌላው ጫት ነው። ቤት ውስጥም ሆነ ሰፈር ውስጥ ልጁን ጫት እንዲገዛ ወይም ከሚቃምበት ቦታ እንዲቀመጥ የሚልክ ሰው ካለ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ያለ ይሉኝታ ይከልክሉ። ባህል ነው የሚል ሰው ቢመጣብዎት፣ ባህሉ ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አለመሆኑን አማትዎ ራሳቸው ይነግሩልዎታል።

አማትዎን ስለ ማነጋገር። በደብዳቤዎ ውስጥ «አማቴ» ሲሉ ልጁ ግን «አኮ»፣ ማለትም አያቴ፣ እንደሚላቸው በአንድ ቦታ ጠቅሰዋል። እርስዎም ከቡናው ላይ ቁጭ ይበሉ፤ እስካሁን ከሥራ ሲመለሱ በበረንዳው በኩል አልፈው ወደ ቤት እንደሚገቡ ነው የተረዳሁት። ክሱን ይዘው አይቅረቡ፤ «ልጁ ትምህርቱ ላይ የእርስዎ እርዳታ ያስፈልገዋል» ብለው ይጀምሩ። አያትን ከልጅ ልጅ ትምህርት ውጪ ሲያደርጓቸው ይቀየማሉ፤ መምህር ሲያደርጓቸው ግን የለቀማውን ቀን ራሳቸው ወደ ቅዳሜ ያዞሩታል። የሚከብድ ነገር ካለ ባለቤትዎ ለእናቱ ይንገር እንጂ እርስዎ አይንገሩ።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ሳይቋረጥ መደረጉ ነው። ማታ ማታ ልጁ ለነገ ከሚማረው የአካባቢ ሳይንስ ገጽ የማያውቃቸውን አምስት ቃላት አውጥቶ ወደ በረንዳው ይዞ ይሂድ፤ አያቱ ይንገሩት፣ አባቱ በቁቤ አጻጻፉን ያርሙለት፣ እርስዎ ደግሞ የአማርኛ ፍቺውን ከጎኑ በፊደል እንዲጽፍ ያድርጉ። አንዳንዱን የሳይንስ ቃል አያቱ ላያውቁት ይችላሉ፤ ያኔ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ለእርሳቸው ማስረዳቱ ራሱ ጥናት ነው። ሒሳቡንም ከቡናው ጋር አያይዙት። ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ ቀይ እሸት ቡና ተፈልፍሎና ደርቆ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ይወጣዋል፤ አያቱ 30 ኪሎ ቢለቅሙ ስንት እንደሚተርፋቸው በአፋን ኦሮሞ ጥያቄ አድርጎ ራሱ ይጻፍ፣ አባቱ ይሥራው።

መምህሩንም ያነጋግሩ። ለእሮሮ ሳይሆን ለአንድ ነገር ብቻ፦ እስከ ዓመቱ ማብቂያ ድረስ በአካባቢ ሳይንስ ልጁ ቃሉ ሲጠፋበት በሥዕል ወይም በቃል እንዲመልስ ይፈቀድለት እንደሆነ ይጠይቁ። ስድሳና ከዚያ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ውስጥ አንድን ልጅ ለይቶ ማየት ለመምህር ከባድ ነው፤ እምቢ ቢሉ አይቀየሙ። ብዙ መምህራን ግን የልጁ ዝምታ ከቋንቋ መሆኑን የሚነግራቸው ወላጅ ስላጡ ብቻ እንደ ስንፍና ያዩታል።

ስለ አዲስ አበባው። አይላኩት። ባለቤትዎ የተዛወረው በቋሚነት ነው ብለዋል፤ ስለዚህ ልጁ ዛሬ ቢሄድ ወይ ከእናትና ከአባቱ ተለይቶ ያድጋል፣ ወይ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ ይህንኑ ዳገት በሰባተኛ ክፍል ይጀምረዋል። በሁለተኛው ሴሚስተር ከላይ ያልሁትን ሁሉ አድርገው በሁለቱ ትምህርቶች ፈቀቅ የማለት ምልክት ካላዩ፣ እዚሁ ከተማችን ውስጥ በአማርኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ስላሉ በመስከረም ማዛወር ይችላሉ፤ ይህን ማድረግ ሽንፈት አይደለም። እኔ ግን ከልጅዎ ሥዕል ተነሥቼ እዚያ የሚያደርስ አይመስለኝም።

አሁን የካቲት ነው፤ ዝናቡ ቀድሞ ከጣለ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የቡናው ዛፍ ነጭ ይለብሳል፣ ሽታውም ግቢውን ይሞላዋል። በአንድ ቅዳሜ ከአያቱ ጋር አጋሮ ይላኩት፤ ደብተሩንም ይያዝ። ያንን ዛፍ እንደገና ይሣል፤ አበባው ስላለ ደራራን አያቱ እያሳዩት ይጻፍ፣ ቀጥሎም ያመለጡትን ሦስቱን። ገጹን እንደ ቀድሞው ፎቶ አንሥተው ቢልኩልኝ ከሰኔው ካርድ በፊት አየዋለሁ።